ከአስፋልት ውጭ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል፦ ምርጫና ዝግጅት ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮረኮንች፣ ድንጋያማ አቀበት፣ የክረምት ጭቃና ድልድይ የሌለው ወንዝ የሚጠብቃቸው ነጂዎች ዘወትር የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስበናል። መልሶቹ የኢትዮጵያን ደጋና ቆላ ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ ከፍታው፣ አፈሩና መለዋወጫ የሚገኝበት ርቀት ምርጫውን ይለውጠዋልና።

ምን ዓይነት ሞተር ሳይክል ልግዛ?

አስቀድመው ክብደቱን ይጠይቁ። ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ብቻዎን ማንሳት የማይችሉት ሞተር ሳይክል ለጥርጊያ መንገድ አይሆንም። ቤንዚኑና ዘይቱ ሞልቶ ከ110 እስከ 145 ኪሎ የሚመዝን ለአብዛኛው ሰው ልክ ነው። እንደ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ያሉት ትላልቆቹ 249 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ደህና ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ላይ ድንቅ ናቸው፣ ተዳፋት ላይ ከተኙ ግን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራና ካቴና በሚኖሩበት አካባቢ ባለ ትልቅ ከተማ ውስጥ ካልተገኘ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። ሦስተኛው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው፤ ከሞተሩ ሥር እስከ መሬት 22 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ድንጋዩ ሁሉ ሆዱን እየመታ ይሄዳል።

በአገራችን ገጠር ለዓመታት የሠሩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 ለእርሻ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሚሽከረከር ጭቃና አቧራ አይደርስበትም፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላቸው። ፈጣን አይደሉም፣ አሞርዛተራቸውም አጭር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሥራ ለሚነዳ ሰው ግን ከእነሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። አስፋልቱንም ዱሩንም ለሚፈልግ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125፣ ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል፣ ኤክስአር 250 ቶርናዶ ወይም ሲአርኤፍ 300 ኤል ይሻላሉ። እንደ ኬቲኤም 300 ኢኤክስሲ ያሉት የውድድር ሞተር ሳይክሎች ዘይታቸው የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠሩት ሰዓት ነው። መካኒክና ገንዘብ አጠገቡ ላለው ሰው ካልሆነ አንመክራቸውም።

የጎማውን መጠን መመልከትም አይርሱ። ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች የሆነው ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ይንከባለላል። እንደ ኤክስአር 150 ኤል ያሉት 19 እና 17 ኢንች ናቸው፤ ትንሽ ይነጥራሉ እንጂ አያስቸግሩም። በሁለቱም በኩል 17 ኢንች የሆኑት የከተማ ሞተሮች የፊት ጎማቸው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ነጂውን ወደ ፊት ይወረውራሉ።

ስንት ሲሲ ይበቃኛል?

ለአንድ ሰውና ለትንሽ ሻንጣ ከ125 እስከ 250 ሲሲ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታን ነው። ሞተር የሚሠራው በሚስበው አየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ሲደርሱ፣ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ያህል፣ ሳነቴ ላይ ከ7 ብዙም ያልዘለለ ይሰጥዎታል። መኖሪያዎ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነና ሰውነትዎም ከበድ ካለ ከ125 ይልቅ 150 ወይም 200 ሲሲ ይምረጡ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሲሲ አስፋልት ላይ ለመፍጠን እንጂ አቀበት ለመውጣት አያስፈልግም፤ አቀበቱን የሚያወጣው ማርሽና ጎማ ነው።

ካርቦራተር ወይስ ኢንጀክሽን?

ሁለቱም ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅለው ለሞተሩ የሚያቀርቡ ናቸው፤ ካርቦራተር በጄት ቀዳዳ፣ ኢንጀክሽን በኤሌክትሪክ ፓምፕ። ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ ሰው በኢንጀክሽን ይጠቀማል፤ የቤንዚኑን መጠን እንደ አየሩ ራሱ ያስተካክላልና። የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም። ጉድለቱ ባትሪው ከሞተ ወይም የቤንዚን ፓምፑ ከተቃጠለ መንገድ ላይ የሚደረግ ነገር አለመኖሩ ነው። በጀሪካን የሚሸጥ ውኃ ወይም አሸዋ ያለበት ቤንዚን ደግሞ ፓምፑን ይገድለዋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት ያጥልሉት።

ካርቦራተር ያለውን ማንም የገጠር መካኒክ ይፈታዋል። ሆኖም ለባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቦራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፦ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይታፈናል። መፍትሔው ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበትን የነሐስ ቀዳዳ፣ ማሳነስ ነው። ለአዲስ አበባ ከፍታ 110 የነበረው ወደ 102 ወይም 100 ቢወርድ ይስማማዋል። ትክክል መሆኑን የሚነግርዎ የካንዴላው ቀለም ነው፤ ጥሩ ሞተር ፈዛዛ ቡናማ ያሳያል። በዚያው ጄት ወደ አፋር ቆላ ከወረዱ ግን ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተንም ሊበሳ ይችላል። የድሮውን ጄት አይጣሉ፤ ክብደት የለውም፣ ከመሣሪያው ጋር ይያዙት።

እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል (የሁለት ምት) ሞተር ዛሬም ይገዛል?

ይገዛል፤ ቀላል፣ ጉልበተኛና በትንሽ መሣሪያ የሚታደስ ነው። ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የራሳቸው የዘይት ታንከርና ፓምፕ ስላላቸው ዘይቱን ሳይጎድል መሙላት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ፓምፑ ተነቅሎ በእጅ የሚደባለቅ ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይጨምሩ። በእጅ የሚደባለቅ ሞተር ረጅም ቁልቁለት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጋዙን ዘግተው በማርሽ ብቻ ከወረዱ ሞተሩ ቤንዚን ስለማይስብ ዘይትም አያገኝም፣ ፒስተኑም ይነክሳል። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘው ጋዙን ለአፍታ ይክፈቱለት።

ቁመቴ አጭር ነው፤ ኮርቻው ከፍ ያለ ሞተር ይከብደኛል?

ሁለቱ እግሮች መሬት ላይ መተኛት የለባቸውም። የአንዱ እግር ፊተኛ ግማሽ በደንብ ከረገጠ ይበቃል። ሲአርኤፍ 300 ኤል ኮርቻው 88 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ኤክስአር 150 ኤል ደግሞ ከ83 አይዘልም፤ ይህ የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ድንጋያማ ቦታ ላይ ሲቆሙ ትልቅ ነው። ከከበደዎት የኮርቻውን ስፖንጅ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያስቀርጹ። አሞርዛተሩን በማሳጠር ማውረድ ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፦ ሆዱ ወደ ድንጋዩ ይቀርባል፣ የጎን መቆሚያውም ይረዝምና ሞተር ሳይክሉ ወደ ሌላኛው ጎን ይወድቃል።

ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልመልከት?

ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩትና ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ካገኙት ቀዝቃዛ ሲሆን አልነሳ የሚል ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን በጠዋት ይመለሱ። ሲነሳ ጭሱን ይዩ፤ ቶሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ እርጥበት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር በማያቃጥለው በአራት ምት ሞተር ላይ የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል፣ ይህም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ፓራኦሊ (የዘይት ማገጃ) አልቋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ የአየር ፊልትሮውን ማውጣት ነው። ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ፣ ጣትዎን ሲያስገቡ አቧራ ከነካዎ ያ ሞተር አቧራ ሲበላ ኖሯል። የውስጡ ፋሻና ሲሊንደር በአሸዋ ወረቀት እንደተፈገፈገ ስለሚሆን ዋጋው ቢቀነስም ይተዉት።

ከዚያ ከሥሩ ሣጥን አስገብተው የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሱ። መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ቦታ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የኋላውን ጎማ ይዘው ወደ ጎን ሲያወዛውዙት ከተንቀሳቀሰ የኋላ ሹካው ቡሽ ወይም የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ካቴናውን ከኮሮናው (ከኋላው ትልቁ ጥርስ) የኋለኛ ጫፍ ላይ በጣትዎ ይሳቡ፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናውም ኮሮናውም ፒኞኑም (የፊቱ ትንሹ ጥርስ) አብረው መቀየር አለባቸው፣ ይህንንም ከዋጋው ይቀንሱ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የጠነከረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ዱብ ይላል። የፊት ሹካው ላይ የዘይት ቀለበት፣ ሻንሲው ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ የተቀባ ቀለም ካዩ ይጠይቁ። አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ ብየዳ ይሸፍናል።

ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የሚወጡትን በተመለከተ፦ ብዙ እጅ የነካቸው ናቸው፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸውም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ዋናው ሞተራቸው ግን ሳይቀያየር ይገኛል። የኋላ ዕቃ መጫኛቸው የተበየደበትን ቦታ ስንጥቅ እንዳለው በደንብ ይፈትሹ። በመጨረሻም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። አንዱ ቢሳሳት እንኳ ገንዘብ አይክፈሉ።

ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ ምን ላስገጥም?

በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡት፦ የራስዎ መከላከያ ልብስ፣ ጎማ፣ የሞተር ሥር መከላከያ፣ የእጅ መከላከያ። ከእነዚህ በፊት ማርሚታ የሚቀይር ሰው ብዙ ነው፤ ድምፅ ይጨምራል እንጂ አንድም ድንጋይ አያሻግርም።

የሥር መከላከያው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሳህን ይሁን። ጥሩ በያጅ ይሠራዋል፣ ሦስት ነገር ግን ያሳስቡት። አንደኛ፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰር እንጂ ሞተሩን አይንካ፤ ከነካው የድንጋዩን ምት በቀጥታ ያስተላልፋል። ሁለተኛ፣ የዘይት መፍሰሻው ቡሎን ሳህኑ ሳይወልቅ የሚደረስበት ቀዳዳ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ጭቃ የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት፣ አለበለዚያ ደርቆ የሚቀረው ጭቃ ሙቀት ያፍናል።

የእጅ መከላከያው ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ በሁለት ቦታ የሚታሰረው ይሁን፤ ፕላስቲክ ብቻ የሆነው ነፋስ እንጂ ውድቀት አይመልስም። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ቡሎን በጉልበት አያጥብቁ። በእጅ ሲገፉ በጭንቅ የሚዞሩ ከሆኑ በውድቀት ጊዜ ዞረው ይተርፋሉ፤ ደርቀው ከታሰሩ ይሰበራሉ።

የትኛው ጎማ ይሻላል? ነፋሱስ ስንት ይሁን?

ኮረኮንችና አስፋልት ለሚቀላቅል ሰው ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ጎማ ይበቃል። ክረምቱን በጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ የሚነዳ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ጎማ ያስፈልገዋል፤ ጥርሶቹ ከተቀራረቡ ጭቃው መሃላቸው ይደርቅና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። የበጀት ችግር ካለ ጥሩውን ለፊት ይግዙ። የኋላው ቢንሸራተት ሞተር ሳይክሉ ይወዛወዛል፣ የፊቱ ቢንሸራተት ግን ነጂው ይወድቃል።

ነፋሱን በተመለከተ ጎሚስታው በልማድ 35 ወይም 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞላልዎታል፤ ይህ ለኮረኮንች እጅግ ብዙ ነው። ለቀላል ሞተር ሳይክል፣ ያለ ከባድ ጭነት፣ ድንጋያማ መንገድ ላይ ከፊት ከ18 እስከ 20፣ ከኋላ ከ18 እስከ 22 ፒኤስአይ ይሁን። ጭቃና አሸዋ ላይ እስከ 14 ይወርዳል፤ ነገር ግን ሪም ሎክ የሚባለው፣ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ፣ ካልተገጠመ ጎማው በቸርኬው ላይ ይዞርና የውስጡን ጎማ መንፊያ ይቆርጠዋል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ያስተካክሉ፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ይግላል። ሹል ድንጋይ ባለበት ከ18 በታች ሲሆን ድንጋዩ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር ይጨፈልቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያበጅለታል። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የውስጥ ጎማ ይህን ይቀንሳል።

መንፊያውን ከቸርኬው ጋር የምታጣብቀውን ዳዶ ወደ ላይ፣ እስከ ክዳኑ ድረስ፣ ያውጧት። ጎማው መዞር ሲጀምር መንፊያው ያጋድላል፣ እርስዎም ሳይቆረጥ ያዩታል። ደግሞም ከከፍታ ሲወርዱ ነፋሱን እንደገና ይለኩ፦ ከሳነቴ ወደ ዶሎ መና ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሚወርዱ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፣ የጎማው ሙቀት እኩል ቢሆን መለኪያው ወደ 3 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል። 18 ይዞ የተነሳ ሰው ቆላው ድንጋይ ላይ በ15 እየነዳ ነው ማለት ነው።

ፒኞንና ኮሮና መቀየር ይጠቅማል?

በጣም፤ በጥቂት ገንዘብ ከሚገኙት ማሻሻያዎች ሁሉ ይበልጣል። ከፊት ያለውን ፒኞን በአንድ ጥርስ ማሳነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይመሳሰላል። ለምሳሌ 15 እና 45 የነበረው 3 ለ 1 ነው፤ 14 ሲሆን 3.21 ይሆናል። አንደኛ ማርሽ ይበልጥ ይዘገያል፣ አቀበቱን ፍሪሲዮን ሳያቃጥሉ ይወጣሉ። በአስፋልት ላይ ከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ ያ ፍጥነት ድሮም አልነበረም።

ካቴናው መሃሉ ላይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይላላ፣ መጽሐፉ ሌላ ካላለ በቀር። ከለኩ በኋላም ነጂው ተቀምጦበት አለመጠበቁን ይዩ። የጠበቀ ካቴና አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ይወጠርና የካምቢዮውን (የማርሽ ሣጥኑን) ኩሽኔታ ይሰብራል፤ ያ ጥገና ከአሥር ካቴና ይበልጣል።

አሞርዛተሩን እንዴት ላስተካክል?

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተው ከጎማው መሃል ቡሎን እስከ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ላይ ምልክት ድረስ ይለኩ። ቀጥሎ ልብስዎን ለብሰው፣ ሻንጣዎን ጭነው ይቀመጡበትና ሌላ ሰው ያንኑ ይለካ። ልዩነቱ ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ሲሶ ያህል መሆን አለበት። የሲአርኤፍ 300 ኤል እንቅስቃሴ 260 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ80 እስከ 87 ያለው ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላውን የሚያጠብቀውን ቀለበት ያጥብቁ። እስከ መጨረሻው ጠብቆም ካልደረሰ ሞላው ለክብደትዎ ደካማ ነው፣ ጠንካራ ይግዙ።

ክረምት ላይ ጭቃው ጎማውን እያሰረ ያቆመኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥፋቱ የፓራፋንጎው ነው። ከጎማው ጋር ተጠግቶ የሚሄድ የፊት ፓራፋንጎ ኮትቻ ሲገባበት በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ይሞላና ጎማው ይቆማል። ከፋኖሱ ሥር የሚታሰር ከፍ ያለ ፓራፋንጎ ያስገጥሙ፤ እስኪያገኙ ድረስ ዝቅተኛውን ፈተው ይሂዱ፣ ፊትዎ ይቆሽሻል እንጂ አይቆሙም። ጭቃ ላይ ሳሉ በሁለተኛ ማርሽ፣ እኩል ጋዝ ይዘው፣ ቆመው ይንዱ። ኋለኛው ጎማ ቆፍሮ ሲሰምጥ ጋዝ መጨመር ጉድጓዱን ብቻ ያሰፋል፤ ወርደው ሞተር ሳይክሉን በጎኑ ያስተኙት፣ ጉድጓዱን በድንጋይና በቅጠል ይሙሉ፣ ከዚያ ያንሱት።

የአየር ፊልትሮውን በምን ልጠብ?

ስፖንጅ ከሆነ በላምባ፣ ቀጥሎ በሞቀ ውኃና በሳሙና። በቤንዚን አይጠቡት፦ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ እሳትም ያስነሳል። አይጠምዝዙት፣ በሁለት እጅ ጨመቅ ያድርጉት። ፍጹም ሲደርቅ የፊልትሮ ዘይት በሁሉም ቦታ እስኪዳረስ ያሹት፣ ትርፉን ይጭመቁ። ዘይት ያልተቀባ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፤ ይቀየራል። በበጋ ከሌላ ተሽከርካሪ ኋላ በአቧራ ውስጥ ሙሉ ቀን ከነዱ በዚያው ማታ ይክፈቱት። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሁለት ፊልትሮ ይግዛና ያፈራርቅ።

የመኪና ዘይት ይሆናል?

አይሆንም። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ የመኪና ዘይት ማለስለሻው ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጄኤኤስኦ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የተጻፈበትን፣ በብዛት 10 ደብሊው 40 የሆነውን ይጠቀሙ። በአቧራና በጭቃ ከሆነ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ።

ወንዝ እንዴት ልሻገር? ሞተሩ ውኃ ከጠጣስ?

በእግርዎ ሳይሻገሩ በሞተር አይግቡ። ውኃው ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚገፋ ከሆነ ይጠብቁ ወይም ይመለሱ። የሚመረጠው ሰፋ ብሎ ጠጠር ላይ የሚንቆረቆረው ቦታ ነው፤ ጠባቡና ጸጥ ያለው ጥልቅ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ጠዋት የተሻገሩት ወንዝ ማታ ሙላት ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ያሉበት ቦታ ባይዘንብም ከላይ ዘንቦ ይሆናል። በአንደኛ ማርሽ ጋዙን ሳይለቁ ይሻገሩ። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን እየያዙ ጥቂት ይንዱ፣ የከበሮ ፍሬን ውኃ ከገባው አይዝምና።

ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ማስነሻውን በፍጹም አይንኩ። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ቁልፉን ያጥፉ፣ ሞተር ሳይክሉን ወደ ደረቅ ያውጡ።
2. የፊቱን ጎማ ወደ ላይ አንስተው ከማርሚታው ውኃውን ያፍስሱ።
3. የፊልትሮውን ሣጥን ከፍተው ውኃውን ያውጡ፣ ስፖንጁን ይጭመቁ።
4. የሞተሩን ዘይት ይዩ። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል፤ ሳይቀይሩ አያስነሱት።
5. ካንዴላውን ይፍቱ፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቀው በእግር ማስነሻው ደጋግመው ይርገጡ። የእግር ማስነሻ ከሌለው በከፍተኛ ማርሽ ይግፉት። ውኃ መትፋት እስኪያቆም ይቀጥሉ።
6. ካርቦራተር ካለው ከሥሩ ያለውን መፍሰሻ ከፍተው ያጠራቀመውን ይልቀቁ።
7. ካንዴላውን አድርቀው ይመልሱ፣ ያስነሱት፣ ሳይነዱ ትንሽ እንዲሞቅ ይተዉት።

ዕቃና ቤንዚን እንዴት ልጫን?

ከሸራ የተሠራ ሻንጣ ከብረት ሣጥን ይሻላል፤ ሲወድቁ እግር አይሰብርም፣ ራሱም አይጣመምም። ክብደቱ ከ15 ኪሎ ባይበልጥ፣ ከባዱ ዕቃ ደግሞ ከታችና ወደ ነጂው ቀርቦ ቢታሰር ጥሩ ነው። ከኋላ ጫፍ ላይ የተቆለለ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ የመጫኛውንም ብየዳ ያስነጥቃል። የሻንጣው ማሰሪያ ከካቴናና ከማርሚታ የራቀ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

ቤንዚን ሲያሰሉ የአስፋልቱን ቁጥር አይመኑ። በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር የሚበላ ሞተር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲዋል 4.5 ሊበላ ይችላል። 12 ሊትር የሚይዝ ታንከር በዚያ ስሌት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 7.8 ሊትር ብቻ የሚይዘው ሲአርኤፍ 300 ኤል ደግሞ 170 እንደሚሄድ አስበው ይነሱ።

ምን ልልበስ?

ፊትን ጭምር የሚሸፍን፣ በአገጭ ማሰሪያው ላይ ኢሲኢ 22.05 ወይም 22.06 (የሄልሜት ደኅንነት ደረጃ) የሚል ጨርቅ የተሰፋበት ሄልሜት። ታስሮ ሳለ ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ሰፍቶዎታል። አንዴ አደጋ ያየ ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጨምቋል፣ ይጣል። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ጠንካራ ቡት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እግር ነው፣ 130 ኪሎ ሲወድቅበት የሸራ ጫማ ምንም አይመልስም። የጉልበትና የክርን መከላከያ ከሱሪና ከሸሚዝ ሥር ይገባል። ጓንት ሁልጊዜ።

መንገድ ላይ ምን መሣሪያ ልያዝ?

ቤትዎ ሳሉ በያዙት መሣሪያ ብቻ ሁለቱንም ጎማ ፈትተው ይግጠሙ። የጎደለውን ቁልፍ የሚነግርዎ ይህ ነው። በአብዛኛው 8፣ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ የሁለቱ ጎማ ዘንግ ቁልፎች፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ ማውጫ ብረት ሦስት፣ የእጅ ፖምፓ፣ ልጣፍና ማስቲሽ ይበቃሉ። ከመለዋወጫ አንድ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ፣ ሁለት የካቴና ማያያዣ፣ ፊውዝ፣ የብረት ሽቦና ሁለቱ ተደባልቀው የሚደርቁ የብረት ሙጫዎች። ሙጫው የተሰነጠቀ የሞተር ሽፋንን ዘይቱ ተፍስሶ በቤንዚን በደንብ ከተጠረገ በኋላ ይይዛል። ለውስጥ ጎማ ባለ 21 ኢንቹን ብቻ ይያዙ፤ በችግር ጊዜ ባለ 18 ኢንቹ የኋላ ጎማ ውስጥም ይገባል። የኋላው በፊተኛው ውስጥ አይገባም።

ጎማ ሲለጥፉ ቀዳዳውን ከማድፈንዎ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጥ በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። እሾሁ ሳይወጣ የተለጠፈ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ የግራር እሾህ ደግሞ ከውጭ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል።

ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?

ስልክ በማይሠራበት ቆላና ገደል ውስጥ አንመክርም። ሁለት ሞተር ሳይክል ይሁኑ፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤት ሰው ይንገሩ፣ 5 ሜትር ጠንካራ ማሰሪያ ይያዙ። የተበላሸውን ሲጎትቱ ማሰሪያው በሚጎትተው የቀኝ እግር መርገጫ ላይ ይታሰራል። የሚጎተተው ነጂ ጫፉን በራሱ የግራ መርገጫ ላይ አንዴ ጠምዝዞ በጫማው ይረግጠዋል። አይቋጥረውም፤ ሚዛኑ ሲሄድበት እግሩን ሲያነሳ ማሰሪያው ይለቀቃል። መሪው ላይ ከታሰረ ግን ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።